የድሬዳዋን ባትሪ የሚገድለው ብርድ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፦

በመኪና ዓምዳችሁ ላይ አሮጌ ፒካፕ ላላቸው ባለንብረቶች የማስነሻ ባትሪ አመራረጥን አስመልክቶ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ብዙ መልካም ነገር ቢይዝም፣ የባትሪ ቀንደኛ ጠላት ብርድ ነው ባለበትና ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ በብርድ የማስነሻ አምፒሩ ከፍተኛ የሆነውን ባትሪ እንዲመርጥ በመከረበት ቦታ ላይ፣ ለድሬዳዋና ለቆላው አካባቢ ባለመኪኖች የማይበጅ፣ እንዲያውም ገንዘባቸውን የሚያስከስር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኔ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ያገለገልሁ፣ ከጡረታ ወዲህም በሠፈሬ በሳቢያን የጎረቤትና የዘመድ መኪና አልነሣ ሲል የምጠራ ሰው ስለሆንሁ፣ ዓምደኛው ከደጋ አገር መጻሕፍት የወሰዱት የሚመስለውን ይህን ምክር ከእኛ ሙቀት ጋር አገናዝቤ እንድመለከተው ይፈቀድልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ከተማ ስትሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱ የተለመደ ነው። ይህ ግን የአየሩ ሙቀት ብቻ ነው፤ ከኮፈኑ ሥር ያለው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የደንገጎን ዳገት ጭነት ይዞ ወጥቶ የተመለሰ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም፣ ማራገቢያውም የማቀዝቀዣ ውሃውም ሥራቸውን ስለሚያቆሙ የሞተሩ ግለት በኮፈኑ ሥር ታምቆ ይቀራል፤ ባትሪውም አጠገቡ እንደ ተቀመጠ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል የሚለው ግምት በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ሙቀት በባትሪው ውስጥ የሚካሄደውን ኬሚካላዊ ሥራ ሁሉ፣ ጠቃሚውንም ጎጂውንም፣ ስለሚያፋጥን የፖዘቲቩ ፕሌት (በአሲዱ ውስጥ የቆመው ሳህን) የእርሳስ መረብ ቶሎ ይበላል፣ ውሃው ቶሎ ይጎድላል፣ ሳይሠራ ቆሞ የሚውለውም ባትሪ የያዘውን ኃይል በራሱ ቶሎ ያፈሳል።

ሰውን የሚያሳስተው ጉዳቱ ለብዙ ወራት ተሰውሮ መቆየቱ ነው። በሞቃት አገር የሞተር ዘይት ቀጭን ሆኖ ስለሚያድር ሞተሩ በቀላሉ ይዞራል፤ ባትሪው ከጉልበቱ ግማሹን ቢያጣ እንኳ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር መኪናው ይነሣል፣ ባለቤቱም ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከዚያ ታኅሣሥ ይመጣል። ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ከድሬዳዋ የሚወጣው ፒካፕ በዋዜማው ደጋው ላይ ቆሞ ያድራል፤ ሌሊቱን ዘይቱ ይወፍራል፣ የባትሪው ኬሚካላዊ ሥራም ይዘገያል፤ ሞተሩ የሚጠይቀው ጉልበት በጨመረበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ይቀንሳል። በማግሥቱ ታኅሣሥ 19፣ ንግሡ አልቆ ሰው ሲሳፈር፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሾፌሩ «የቁልቢ ብርድ ባትሪዬን ገደለው» ብሎ ያማርራል፤ መኪናውን ሊገፉ የተሰበሰቡትም ይስማሙበታል። እውነቱ ግን ያ ባትሪ የሞተው በግንቦትና በሰኔ በድሬዳዋ መጋላ ሠፈር ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ቁልቢ ያደረገው ቢኖር ሞቱን መግለጥ ብቻ ነው። ዓምደኛው ብርድን ጠላት ያሉትም ይህንኑ የመጨረሻ ቀን ብቻ አይተው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። በባትሪው ላይ «ሲ.ሲ.ኤ» ተብሎ የሚጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፒር መጠን በአሜሪካውያን የመኪና መሐንዲሶች መስፈርት መሠረት፣ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ እያለ ቮልቴጁ ከ7.2 ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለው አምፒር ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በሐረርጌው በጋራ ሙለታ ተራራ ጫፍ ላይ እንኳ አይታሰብም። ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ፣ ለምሳሌ 2.4 ወይም 2.8 ሊትር ሞተር ያለው የቀድሞ ቶዮታ ሂሉክስ፣ የመጭመቅ ምጣኔው ከ20 ለ1 በላይ ስለሆነ ሞተሪኖው ከቤንዚን ሞተር ይልቅ እጅግ ብዙ ጉልበት ይስባል፤ ስለዚህ የመኪናው አምራች ከወሰነው መጠን ዝቅ ማለት አይገባም። በሐረር ጎዳናዎች የምናያቸው አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች በአንጻሩ በቤንዚን የሚሠሩ ሞተሮች ስላሏቸው በጣም አነስተኛ ባትሪ ይበቃቸዋል። እኔ የምቃወመው አምራቹ ከጠየቀው በላይ ቁጥር ለማግኘት ሲባል የሚከፈለውን ተጨማሪ ገንዘብ ነው። መጠኑ ባልተለወጠ ሣጥን ውስጥ ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ ፕሌቶቹን በማቅጠንና ቁጥራቸውን በማብዛት ነው፤ ቀጭን ፕሌት ደግሞ በእኛ ሙቀት ተበልቶ ለማለቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ ለደጋ ሰው ጥቅም የሆነው ነገር ለቆላው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ዕድሜ ማሳጠር ይሆንበታል።

በዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ እንደ መስፈርቱ ይለያያል። አንዱ አምራች የአሜሪካውን፣ ሌላው የአውሮፓውን፣ ሌላው የቀድሞውን የጀርመን መስፈርት ስለሚከተል፣ አንድ ዓይነት ጉልበት ያላቸው ሁለት ባትሪዎች እጅግ የተራራቁ ቁጥሮች ተለጥፎባቸው ሊታዩ ይችላሉ። ከብርዱ ቁጥር ይልቅ በዜሮ ዲግሪ የተለካውን፣ በተፈጥሮው ከፍ የሚለውን ቁጥር በትልቁ የሚጽፉም አሉ። ሁለት ባትሪ የሚያወዳድር ሰው አስቀድሞ ሁለቱ በአንድ መስፈርት የተለኩ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ትልቁን ቁጥር ቢመርጥ፣ የመረጠው ባትሪውን ሳይሆን ተለጣፊ ወረቀቱን ነው።

ለእኛ የበለጠ የሚናገረው የአቅሙ መጠን ነው፤ ይኸውም በገበያ «70 አምፒር» ወይም «100 አምፒር» እያልን የምንጠራው፣ በትክክል ግን አምፒር በሰዓት ተባዝቶ የሚለካው ነው። አንዳንዱ አምራች ከዚህ ጋር የመጠባበቂያ ጊዜውን በደቂቃ ይጽፋል፤ ይህም ባትሪው 27 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት 25 አምፒር እየሰጠ ቮልቴጁ ወደ 10.5 እስኪወርድ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የመለኪያው ሙቀት ከድሬዳዋ ጠዋት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ከብርዱ ቁጥር ይልቅ ይህን አምናለሁ። ሁለት ባትሪዎች መጠናቸው እኩል ሆኖ አንዱ በክብደት ጉልህ ብልጫ ካለው፣ ውስጡ ያለው እርሳስ የበዛ ነውና ከባዱን መውሰድ ይሻላል፤ ለዚህ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፣ ሁለቱንም አንሥቶ መመዘን ይበቃል።

የጃፓን መኪና ላላቸው ሰዎች ስለ ስያሜው ጥቂት ልጨምር። «95ዲ31አር» ወይም «80ዲ26ኤል» የሚለው ጽሑፍ ሲታይ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር የአምፒር መጠን ይመስለዋል፤ አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር የብቃት ደረጃ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል የሣጥኑን ስፋትና ቁመት፣ ሁለተኛው ቁጥር ርዝመቱን በሴንቲሜትር፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ በየትኛው ወገን እንደሚሆኑ ይናገራል። «ኤን 70» የሚባለው የቆየው ስያሜ ሣጥኑ በርዝመት ከዲ31 ጋር የሚመጣጠን ነው። የመጨረሻውን ፊደል ሳያዩ የገዙ ሰዎች ገመዱ አልደርስ ሲላቸው ባትሪውን ገልብጠው ለማሰር ሲታገሉ አይቻለሁ፤ ይህ ፖዘቲቩን ከኮፈኑ ቆርቆሮ ጋር ሊያገናኝ የሚችል አደገኛ ሥራ ስለሆነ፣ አሮጌውን ባትሪ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ዓምደኛው በአንድ ሐረግ ብቻ ያለፉት የተመረተበት ቀን ነው። በአሲድ ተሞልቶ የሚመጣ ባትሪ ከተመረተበት ዕለት ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል፤ ኃይሉን በራሱ እያፈሰሰ ሄዶ ሳይሞላ ከቆየ በፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ያም ከጠነከረ በኋላ በቻርጅ አይመለስም። ይህ ሁሉ በሙቀት ይፋጠናል። ባትሪው በጅቡቲ ወደብ በኩል በኮንቴይነር ታሽጎ፣ ከዚያም በሞቃት መጋዘን ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ደግሞ ለማሳያ ተብሎ በሱቁ በር ላይ ፀሐይ እየመታው የሚውል ከሆነ፣ ገዢው «አዲስ» ብሎ የሚወስደው ዕቃ ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰ ሊሆን ይችላል። አንድ ጎረቤቴ በቅርቡ ከገዛው ባትሪ ላይ የቀኑ ምልክት በሌላ ወረቀት ተሸፍኖ ነበር፤ ሻጩ ሲጠየቅ «ዋስትናው ከሸጥሁበት ቀን ነው የሚቆጠረው፣ የፋብሪካው ቀን ምን ያደርግልሃል» ብሎ መለሰለት። ዋስትናው ለስድስት ወር ብቻ ከሆነና ባትሪው በሰባተኛው ከወደቀ፣ የፋብሪካው ቀን ምን እንደሚያደርግ ገዢው ያን ጊዜ ይገባዋል። ቀኑ በአንዳንዱ ባትሪ ላይ በግልጽ፣ በሌላው በፊደልና በቁጥር ምልክት፣ በሣጥኑ ላይ ወይም በእርሳስ ተርሚናሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ሻጩ ምልክቱን ሊያስረዳ ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ወደ ቀጣዩ ሱቅ መሄድ ነው። በዚያውም ላይ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለካ፦ ምንም ሳይያያዝበት 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12.4 በታች ካሳየ ግን «ትንሽ ቻርጅ ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚለውን ቃል ባይቀበሉ ይመረጣል።

አሲድ ሳይሞላበት የሚሸጠው ዓይነት በዚህ ረገድ ብልጫ አለው። ፕሌቶቹ ደርቀውና ታሽገው ስለሚቆዩ መጋዘን ውስጥ መክረሙ እምብዛም አይጎዳቸውም፤ ዕድሜው መቆጠር የሚጀምረው አሲዱ ከገባበት ዕለት ነው። ሲሞላ ግን ገዢው ቆሞ ይመልከት፤ አሲዱ ከገባ በኋላ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ያህል ማረፍ፣ ከዚያም በዝግታ ቻርጅ መደረግ ይኖርበታል። ጥድፊያ ያለበት ሻጭ ሞልቶ ወዲያው መኪናው ላይ ያስረዋል።

ክዳን ያለውን ልግዛ ወይስ ሙሉ በሙሉ የታሸገውን የሚለው ጥያቄ በሠፈራችን ሁሌም ያከራክራል። የታሸገው የእርሳስና የካልሲየም ባትሪ ውሃ የሚያጣው በጥቂቱ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በትክክል ለሚሠራ አዲስ መኪና መልካም ነው። አሮጌ ፒካፕ ግን የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር አንድ ቀን ከልክ በላይ መስጠቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የታሸገው ባትሪ ውሃውን አጥቶ ሲደርቅ የሚከፈትበትና የሚታይበት መንገድ የለም። ባለቤቱ ክዳን ከፍቶ ለማየት የማይሰንፍ ከሆነ ለአሮጌ መኪና ክዳን ያለውን እመርጣለሁ፤ የሚሰንፍ ከሆነ የታሸገውን ይግዛ። ዓምደኛው ያሞገሱት አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ የተመጠጠው ውድ ባትሪ ግን ለእኛ ፒካፕ አይሆንም፤ ከልክ ያለፈ ቻርጅንም የኮፈን ሥር ሙቀትንም በደንብ አይችልም።

ዓምደኛው ጨርሶ ያላነሡት፣ ለእኔ ግን የነገሩ እምብርት የሆነው፣ ከመግዛት በፊት መለካት ነው። «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ቀላል የማይባለው የሞተው ባትሪው ሳይሆን ገመዱ ወይም ዲናሞው ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት፣ ምንም ሳይበራ፣ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ቴስተር ሲደረግ 12.6 ገደማ ሙሉ፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ማለት ነው። ከዚያ ሰው ቁልፉን እያዞረ ሞተሪኖው ሲሠራ ቮልቴጁ የት እንደሚወርድ ይታይ፤ በደንብ ቻርጅ የሆነ ባትሪ በእኛ ሙቀት ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ባትሪው ከ11 በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ግን የሚጎተት ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ በኔጌቲቩ የእርሳስ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ ቴስተሩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ከባትሪው ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። በሃያ ዓመት ፒካፕ ላይ ይህ ገመድ ከውጭ ደኅና መስሎ ከሽፋኑ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የገመዱ ዋጋ ከባትሪው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ዲናሞው ይለካ። መብራቱ ጠፍቶ ሞተሩ ከመነሻ ፍጥነቱ ትንሽ ከፍ ሲል በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት ይኖርበታል። ከ13.5 በታች ከሆነ ባትሪው ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ይኖራል፤ መጀመሪያ ቺንጋው ላልቶ እንዳይሆን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ነው። ከ14.8 በላይ ከሆነ ባትሪውን ያፈላዋል፤ ሬጉሌተሩ ሳይለወጥ አዲስ ባትሪ ማሰር አዲሱንም ለዚያው ዕጣ ማቅረብ ነው። ባትሪ በሞቀ ቁጥር የሚስማማው የቻርጅ ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፤ ለ12 ቮልት ባትሪ በየዲግሪው ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ ልክ የሆነው 14.4 በእኛ የሰኔ ቀትር ትንሽ ይበዛል፤ ድሬዳዋ ላይ ወደ 14 የተጠጋ ሆኖ ሳገኘው ነው ደስ የሚለኝ።

ስለ ውሃው ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ። ባትሪ የሚያጣው ውሃ ነው እንጂ አሲድ አይደለም፤ ስለዚህ ካልተደፋ በቀር አሲድ አይጨመርበትም። በመንገድ ዳር «ደክሟል» ተብሎ አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ለጥቂት ቀን የበረታ ይመስላል፤ የወፈረው አሲድ ግን ፕሌቶቹን እየበላ በቶሎ ይጨርሰዋል። እንዲያውም ለሞቃት አገር የሚዘጋጁ ባትሪዎች ከመጀመሪያውኑ ቀጠን ያለ አሲድ የሚሞላባቸው ለዚህ ነው፤ በደጋ አገር የአሲዱን ውፍረት በሚለካው ሃይድሮሜትር 1.265 እና 1.280 መካከል የሚነበበው፣ በሞቃት አገር 1.240 ገደማ ሊሆን ይችላል። የሚጨመረውም ውሃ የተጣራው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያላት እናት ሁሉ ታውቃለች፤ የሐረር ሰውም ከድሬዳዋ ቆላ ተገፍቶ የሚወጣለትን ውሃ ስለሚጠጣ ከዚህ አያመልጥም። በማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ማዕድን በፕሌቶቹ ላይ መልካም ነገር አያደርግም። የታሸገው የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለበት፤ ጠርሙሱ ስለ ጠራ ብቻ ውሃው የተጣራ አይባልም።

ውሃው ከፕሌቶቹ በላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወይም በሣጥኑ ላይ ከተሰመረው ከፍተኛ ምልክት ጋር እኩል ሆኖ ይገኝ። የሚሞላውም ባትሪው ቻርጅ ከሆነ በኋላ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ስለሚያብጥ አስቀድሞ የተሞላው ይፈስሳል። ፕሌቶቹ ተራቁተው ከተገኙ ግን እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ይጨመርና ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ይሟላ። ከየካቲት እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ፣ በቀረው ጊዜ በየወሩ ማየት ይበቃል። የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደ ጠጣ ማስተዋል ደግሞ ራሱን የቻለ ምርመራ ነው፦ ስድስቱም ክፍሎች እኩል ብዙ የሚጠጡ ከሆነ ሬጉሌተሩ ከልክ በላይ እየሰጠ ነው፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጠጣ ከሆነ ያ ክፍል እየሞተ ነውና ባለቤቱ ገንዘብ ማዘጋጀት ይጀምር።

ባትሪው በመቀመጫው ላይ በብረቱ ጠብቆ ይታሰር። ከከርሳ ወይም ከባቢሌ ገጠር ድንች ወይም ኦቾሎኒ ጭኖ የሚመጣ ፒካፕ ላይ ያልታሰረ ባትሪ ፕሌቶቹ ተሰነጣጥቀው ዱቄታቸው ወደ ታች ይራገፋል፤ በላስቲክ ወይም በሲባጎ ማሰር ማሰር አይባልም። ተርሚናሉ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠብ፤ ሲታጠብም ክዳኖቹ የተዘጉ ይሁኑ፣ ከደረቀና ከተጠበቀ በኋላም ቫዝሊን ይቀባ። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቩ ነው። ባትሪውን ከሞተሩ ግለት የሚከልለው ቆርቆሮ ወይም ሽፋን ካለ አውልቆ መጣል አይገባም፤ አሮጌ መኪና ሲጠገን ብዙ ጊዜ «አያስፈልግም» ተብሎ የሚቀረው ይኸው ነው። ማቆሚያም ቢሆን ከኒም ጥላ ሥር መሆኑ ለሾፌሩ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን ለባትሪውም ነው።

ለሥራ የማይወጡ፣ ለሳምንታት የሚቆሙ ፒካፖች የራሳቸው ችግር አላቸው። በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ወይም ማንቂያ ደወል መኪናው ቆሞም 100 ሚሊአምፒር ቢስብ፣ በቀን 2.4 አምፒር ሰዓት ይሄዳል ማለት ነው፤ የ70 አምፒር ባትሪ በሁለት ሳምንት ገደማ ግማሽ ይሆናል። ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊአምፒር በላይ መሳብ የለበትም። ለሚቆም መኪና የኔጌቲቩን ገመድ መፍታት ቀላሉ መፍትሔ ነው። በየሁለት ቀኑ ሞተሩን አስነሥቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት ግን አይጠቅምም፤ ለማስነሻ የወጣውንና ጎድሎ የነበረውን በዚያች ጊዜ ዲናሞው አይመልሰውም። ቻርጅ ሲደረግም ከአቅሙ አንድ አሥረኛ በሆነ አምፒር፣ ማለት ለ70 በ7 አምፒር፣ በዝግታ ይደረግ። ባትሪ ቤቶች ደንበኛ እንዳይጠብቅ ብለው በአንድ ሰዓት ውስጥ በከፍተኛ አምፒር የሚያፈሉት ባትሪ ላይ ላዩን ሞልቶ ይመለሳል፤ ውስጡ ግን ተጎድቷል።

ቻርጅ ከሚደረግ ባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጂን በአንዲት ፍንጣሪ ስለሚፈነዳ፣ ሲጋራ እያጨሱ ወይም ክብሪት ጭረው የውሃውን ልክ የሚያዩ ሰዎችን ልናስቆማቸው ይገባል። ከሌላ መኪና በገመድ ሲነሣም መጀመሪያ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይያያዛል፤ ከዚያ የኔጌቲቩ ገመድ በጤነኛው ባትሪ ላይ ይታሰራል፤ የመጨረሻው ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይነካል፤ ፍንጣሪው ከጋዙ እንዲርቅ ነው።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በብርድ የማስነሻ ቁጥሩን በተመለከተ የተሰጠው ምክር ለቆላ አካባቢ እንደማይሠራ በዓምዱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ፤ ሁለተኛ፣ የሚመለከተው የንግድ ቢሮ ባትሪ ሻጮች የተመረተበትን ቀን ሳይሸፍኑ፣ ምልክት ከሆነም ትርጉሙን በደረሰኙ ላይ ጽፈው እንዲሸጡ ያስገድድ እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሱን ለአንባቢ እንድታደርሱ። በዚያው አጋጣሚ በአንዳንድ ቦታ አሲድ በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ መሸጡንና አሮጌ ባትሪዎች በሠፈር መካከል ተሰብረው እርሳሳቸው ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ መቅለጡን ብታነሡት ዋጋው ከመኪና ጉዳይ ይበልጣል። የእርሳስ ጢስና አቧራ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ አሮጌው ባትሪ ሳይከፈት አዲሱን ለሸጠው ሰው ቢመለስ ይሻላል።

ዓምደኛው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ሁለት ባትሪ ስለሚይዙት ስለ 24 ቮልቶቹ አይሱዙዎች እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። እባካችሁን ሁለቱ ባትሪዎች በዓይነትም በዕድሜም እኩል መሆን እንዳለባቸው፣ አንዱ ሲሞት አንዱን ብቻ ለውጦ መሄድ አሮጌው አዲሱን እንዲጎዳው እንደሚያደርግና ከመካከላቸው 12 ቮልት ጠልፎ ለሬዲዮ መውሰድ አንዱን ባትሪ ብቻ እንደሚያደክም ሳይጠቅሱ እንዳያልፉ አሳስቡልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን